ማንም ያልሞተበት ጡሩምባ

ገርጂ ውስጥ የገብረሃንስን ፊት ማለዳ ላይ በደስታ የሚያይ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የፊቱ አይደለም፤ ሰውየው የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገና ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ያንን የተጣመመ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ የሰፈሩ ሰው ብርድ ልብሱን ገልጦ «ማን ይሆን ደግሞ?» ይላል። እሱም እንደ ደንቡ ስም ይጠራል፣ ቦታ ይናገራል፣ ሰዓት ይጨምራል። «ሞተ» የምትለውን ክፉ ቃል አፉ ላይ አያመጣትም፤ እሷን ጡሩምባው ቀድሞ ተናግሮለታል። ሠርግ ሲጠሩት እንኳ ጡሩምባውን ቤት ጥሎት መምጣቱን በዘዴ የሚያጣሩ ሰዎች ነበሩ። ገብረሃንስ ይህን ሁሉ ከለመደው ቆይቷል፤ ሥራ ነው፣ አንድ ሰው መሥራት አለበት ይላል።

በ1988 ዓ.ም. የካቲት ላይ ግን እንቅልፍ የነሳው የሞተ ሰው ጉዳይ አልነበረም። ልጁ ትብለጥ ነበረች። ትብለጥ አምና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቀች። ስትወድቅ አላለቀሰችም፣ አልተጣላችም፤ ዝም አለች። ዝምታዋ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ቦሌ ሚካኤል ያለችው አክስቷ መጥታ አንድ ደላላ እንደምታውቅ፣ ደላላው ቤይሩት ሰው እንደሚልክ፣ ዕድሜዋ ባይደርስም እሱ ወረቀት ላይ ጨምሮ እንደሚያደርሰው አወራች። ገብረሃንስ የሚስቱን እህት እስከ በር ድረስ በትሕትና ሸኝቶ፣ ከበሩ ውጭ «ይህን ወሬ ይዘሽ ሁለተኛ እንዳትመጪ» አላት። እሷ ግን ልጅቷ ጆሮ ውስጥ ወሬውን ትታው ሄዳለች።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ መስከረም ላይ ሰዓዲያ መጣች። ሰዓዲያ የዚያው የገርጂ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ከጓደኞቿ ጋር «ዋርካ» የሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቁማ፣ ፈቃድ አውጥታ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ማስጠናት ጀመረች። ትብለጥ መጀመሪያ ቀን እናቷ ፈለቀች እየጎተተቻት ሄደች። በአምስተኛው ሳምንት እራት ቀርቦ ሳለ እርሳሷን አስቀምጣ «አባዬ፣ ኤክስ ማለት እኮ ገና ያላወቅነው ቁጥር ማለት ነው፤ ሌላ ተንኮል የለውም» አለችው። ገብረሃንስ ስለ ኤክስ ደንታ የለውም። ልጁ ግን በመንፈቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ብላ ነበርና ያን ምሽት ቀድሞ ጉርሻ የደረሳት እሷን ነው።

ችግሩ ጥር ላይ መጣ። ማኅበሩ ከአንድ ለጋሽ አግኝቶት የነበረው ድጎማ አለቀ። አስጠኚዎቹ ከስድስት ኪሎ ገርጂ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛሉ፤ ወረቀት አለ፣ ጥያቄ የሚባዛበት የስቴንስል ቀለም አለ፣ ሰንበትን የሚውል ዘበኛ አለ። ሰዓዲያ ወደ ዳይሬክተሩ ሄዳ ትምህርት ቤቱ ከሳር ጨረታና ከሻይ ክበብ ኪራይ ከሚያገኘው የውስጥ ገቢ እስከ ሰኔ ያለውን ወጪ እንዲሸፍንላቸው ጠየቀች።

ዳይሬክተሩ አቶ ስብሓት ክፉ ሰው አይደሉም። ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ ግን አንድ የብረት በር በሕልማቸውም በውናቸውም እየመጣ ያስቸግራቸው ጀመር። ንድፉ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ባለ ሁለት ተከፋች፣ ከላይ ቅስት፣ ቅስቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ግራና ቀኝ የተከፈተ መጽሐፍ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ገንዘብ ለውጭ ድርጅት የሚሰጥበት አሠራር የለም» አሏት። አሠራሩ ተፈልጎ ሲታይ አለ። ከወላጆች ከግማሽ በላይ በተገኙበት ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ከተሰጠበት ይቻላል ይላል። ገብረሃንስ ይህን ሲሰማ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለማን ሆነና ነው!» ብሎ ደስ አለው። ደስታው የቆየው እስከ መጀመሪያው ስብሰባ ድረስ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ከሦስት መቶ ወላጅ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። በሁለተኛው ሠላሳ አንድ መጣ፤ ከእነሱም ሁለቱ የጠፋ በግ ፍለጋ የገቡ ነበሩ። የገርጂ ሰው ልጁን አይወድም ማለት አይደለም። ሱቅ ያለው ሱቁን፣ ታክሲ ያለው ታክሲውን፣ የመንግሥት ሠራተኛውም እረፍቱን ጥሎ ለስብሰባ አይመጣም፤ በስብሰባ የሰለቸ ሕዝብ ነው፣ በደርግ ጊዜ ለሦስት ትውልድ የሚበቃውን ተሰብስቧል። አቶ ስብሓት ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ለእሑድ ሦስት ሰዓት ጠሩ። ሰው ካልሞላ ሰኞ ብረት ሠሪው ሥራ ይጀምራል።

ገብረሃንስ ቅዳሜን ሙሉ ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። ሁሉም «እሺ፣ እንመጣለን» አለው። ሁለተኛውንም ስብሰባ እንዲሁ «እሺ» ብለውት ነበር የቀሩት። ወደ ማታ እግሩ ዝሎ ቤቱ ሲገባ ትብለጥ መጽሐፏን ዘግታ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ ነገ ሰው ካልመጣ ለአክስቴ እሺ ልላት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ብቻዬን አልችለውም። ሁለተኛ ወድቄ ከማሳፍርህ ሠርቼ ብልክልህ ይሻላል።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ፣ ወንበር አቀብለኝ እንደሚል ሰው ነው። ገብረሃንስ መልስ ፈለገ፤ አጣ። እሷ ከተኛች በኋላም ፈለገ። ሊነጋጋ ሲል አገኘው፤ መልሱ ከግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሎ ነበር።

«ማን ሞተ?» አለች ፈለቀች፣ ጡሩምባውን ሲያወርድ ሰምታ።

«ማንም።»

«ታዲያ እሱን ይዘህ ወዴት ነው?»

«ተኚ አንቺ።»

የዕድሩ ደንብ ግልጽ ነው። ያለ ዕድሩ ዳኛ ትእዛዝ፣ ያለ ሞት ጡሩምባ የነፋ ሰው ጡሩምባውን አስረክቦ ይሰናበታል። ይህን አንቀጽ ገብረሃንስ በቃሉ ያውቀዋል። ቢሆንም አደባባዩ ላይ ቆመና ነፋ። እውነቱን ለመናገር ሊዋሽ አልፈለገም፤ ጡሩምባው ሰውን ከአልጋው ያስነሳልኛል፣ የቀረውን በአፌ እነግረዋለሁ ብሎ ነው። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ ሌላ መንገድ አያውቅም። እንደ ደንቡ ስም ጠራ፣ ቦታ ተናገረ፣ ሰዓት ጨመረ።

«አቶ ስብሓት! ዳይሬክተሩ አቶ ስብሓት! ትምህርት ቤት! ሦስት ሰዓት! ወላጅ የሆንክ ሁሉ እንዳትቀር!»

ይህንኑ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረና በራሱ እየኮራ ቁርሱን ሊበላ ገባ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወጣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። መጀመሪያ ልቡ በደስታ ዘለለ። ቀጥሎ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። አራት ጎረምሶች የዕድሩን ድንኳን በጋሪ ይገፋሉ፤ ከኋላቸው አግዳሚ ወንበር የተሸከሙ፣ ከነሱ ኋላ ትልቁን ብረት ድስት ይዘው የሚመጡ አሉ። ገብረሃንስ በድንጋጤ የዕድሩን ጸሐፊ ላጲሶን ክንዱን ያዘው።

«ላጲሶ፣ ማን ሞተ?»

«ትቀልዳለህ? ራስህ ነፍተህ እኔን ትጠይቀኛለህ? አቶ ስብሓት ናቸዋ፣ ነፍስ ይማር!»

ገብረሃንስ ክንዱን ለቀቀው። ሰዉ የጎደለውን ሁሉ ራሱ ሞልቶታል። የዕድሩ አባል ባይሆኑም የልጆቻችን አስተማሪ ናቸው ተባለ፤ አስከሬናቸው ሦስት ሰዓት በትምህርት ቤቱ በኩል ያልፋል ተባለ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ያደረባቸው ሕመም የልብ መሆኑ ሳይቀር ታውቋል። ስልክ ያለው ሰው የለ፣ ማን ያጣራ! ገብረሃንስ ወደ ኋላ ሊመለስ ዞሮ ነበር፤ የሚመጣው ሕዝብ ገፍቶ ከግቢው አስገባው። ድንኳኑ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር እየተተከለ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ተሸሸገ።

ልክ በሦስት ሰዓት፣ የሞቱት አቶ ስብሓት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የስብሰባውን አጀንዳ በብብታቸው ይዘው ከኋላ በር ገቡ። ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ። እሑድ ግቢያቸው ውስጥ ያለ ፈቃድ ድንኳን ተተክሏል! ሊቆጡ ቀረብ ሲሉ ለቅሶውን ሰሙና ቁጣቸውን ዋጡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከድንኳኑ ጠርዝ ላይ የዕድሩ ዳኛ የሐጂ አብዱራሕማን ባለቤት ወይዘሮ ሐሊማ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ይነፋረቃሉ። አቶ ስብሓት አጠገባቸው ጎንበስ አሉ።

«ማን ሞቶ ነው፣ እናቴ?»

«ስብሓት» አሉ ወይዘሮ ሐሊማ ቀና ሳይሉ።

«የትኛው ስብሓት?»

«የኛ ነዋ! ዳይሬክተሩ! አላህ ይዘንላቸው!»

ገብረሃንስ ከሸራው ኋላ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአቶ ስብሓት ጆሮ ግን ያን ቀን ከባለቤቱ ጋር ታረቀ። አቶ ስብሓት ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

«ደግ ነበሩ! ትልቁ ልጄ ሱፍያን በሒሳብ ተቸግሮ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር አስቀምጠው፣ ሳንቲም ሳይቀበሉ አስጠንተው ነው ያሳለፉልኝ። ዛሬ ባንክ ቤት ነው። እሱ ብቻ መሰለህ? ስንቱን!» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ዳይሬክተር ከሆኑ ወዲህ እንኳ ጠፉብን። ስለ አንድ በር ነው አሉ የሚጨነቁት። በር ምን ያደርግላቸዋል፣ ይኸው ጥለውት ሄዱ!»

ወይዘሮ ሐሊማ ይህን ብለው ቀና ሲሉ ከአቶ ስብሓት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

ጩኸታቸው መገናኛ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ግማሹ ሕዝብ ሸሸ፣ ግማሹ አማተበ፣ አንዲት ሴትዮ «ተነሥተዋል!» ብላ እልል አለች። አቶ ስብሓት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አለሁ! ደህና ነኝ! ጉንፋን እንኳ የለብኝም!» እያሉ ሲጮሁ ቆዩ። ሕዝቡ መኖራቸውን በእጁ እየዳበሰ ካረጋገጠ በኋላ ሳቁን ለቀቀው፤ ለቅሶ የመጣ ሰው ሲስቅ ሆዱን ይዞ ነው። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ በጋቢው ጎትተው አወጡት።

«ገብረሃንስ!» አሉ ሐጂ አብዱራሕማን። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። «ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም፣ ሐጂ።»

«ማን ሞተና ነፋህ?»

«ማንም አልሞተም። አቶ ስብሓት ሞቱም አላልኩም። ስብሰባ መኖሩን ነው የተናገርኩት።»

«ታዲያ ለምን በጡሩምባ?»

ገብረሃንስ ዙሪያውን አየ። ትብለጥ ከእናቷ ጎን ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ሊያሳፍራት ነው፤ ግን ያለው እውነት ያው አንድ ነው።

«ትናንት ሁላችሁም ቤት መጣሁ፤ 'እሺ' አላችሁኝ። ለስብሰባ ስትባሉ አትመጡም። ለሞት ስትባሉ ግን የታመመው ሳይቀር ይመጣል። ልጄ አምና ወደቀች። እነዚህ ልጆች እያስጠኗት መነሣት ጀምራ ነበር። ዛሬ እናንተ ካልመጣችሁ አረብ አገር እሄዳለሁ አለችኝ። እኔ ደግሞ የማውቀው ይህን መንፋት ብቻ ነው። ነፋሁ። የምትቀጡኝን ቅጡኝ።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። በዚህ መሐል ላጲሶ ጉሮሮውን ጠረገና መዝገቡን ከፈተ። ዕድር ጡሩምባ ከተነፋ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ላጲሶ ሰማይ ቢደፋ ስም ሳይጠራ ቤቱ የሚገባ ሰው አይደለም።

«ሐጂ፣ ቅጣቱ ይደርሳል። እኔ ስም ልጥራ?»

«ላጲሶ፣ ለምን ሆኖ? የሞተ ሰው የለም እኮ!»

«ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ድንኳን ተተክሏል። ደንቡ ስም ይጠራል ይላል እንጂ አስከሬን ይታያል አይልም።»

ሰዓዲያ እስከዚያች ደቂቃ አንድ ጥግ ቆማ አጀንዳው ቀረ ብላ ስታዝን ነበር። የላጲሶን ቃል ስትሰማ ግን ሰዉን ጥሳ መጣች። «ጋሽ ላጲሶ፣ ሲጠሩ እዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ያለውን ለብቻ ምልክት ያድርጉልኝ» አለችው። ላጲሶ ጠራ። ማዕረግ ሳያስቀር፣ የአባት ስም ሳያሳጥር ጠራ። ሲጨርስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ «የተማሪ ወላጅ፣ አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት» አለ።

አሁን ሁሉም የሚያየው አቶ ስብሓትን ነው። ከፈለጉ ይህ ለቅሶ እንጂ ስብሰባ አይደለም ብለው ሊበትኑት ይችላሉ፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ገብረሃንስ ከንፈራቸውን ከንፈራቸውን አየ። አቶ ስብሓት አጀንዳውን ከብብታቸው አወጡ፣ አዩት፣ አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጡ።

«ወላጆች፣ ሰዓቱ ሦስት ከሃያ ነው። ስብሰባው ተከፍቷል» አሉ። «እኔ በዚህ ጠዋት ሰው እንዴት እንደሚያለቅስልኝ ሰምቻለሁ። ይህ ለማንም አይገጥምም። አንድም ሰው ስለ ቢሮዬ አላለቀሰም። ስለ በሩ ደግሞ ያለቀሰ ሳይሆን የተማረረ ነው የሰማሁት።» ወደ ባሕር ዛፉ ዞር አሉ። «ያ ባሕር ዛፍ ሥር የነበረው ጊዜ ናፍቆኝ እንደነበር እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። የውስጥ ገቢያችን እስከ ሰኔ የሰንበቱን ጥናት ይሸፍን የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

የመጀመሪያው እጅ የራሳቸው ነበር። ከዚያ ሐጂ አወጡ፣ ወይዘሮ ሐሊማ ሻሻቸውን የያዘውን እጅ አወጡ፣ ከዚያማ እጅ ሞላ። ላጲሶ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ መዝገቡ ላይ ጻፈ። የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሩን ሊሠራ የተስማማው ብረት ሠሪ ሲሆን፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ ስላለው መብቱ ነው ተባለ።

«አሁን ወደ ፍርዳችን» አሉ ሐጂ፤ ሰዉ አጨብጭቦ እስኪጨርስ ጠብቀው። «ገብረሃንስ፣ ደንብ ደንብ ነው። ጡሩምባውን አስረክብ።»

ገብረሃንስ ጡሩምባውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ አቀረበ። ልጁ ተርፋለታለች፣ ቅር አላለውም።

«ማን ይረከበዋል?» አሉ ሐጂ።

ቅድም ያን ያህል እጅ የወጣበት ሜዳ ላይ አንድም እጅ አልወጣም። ሰው ጫማውን ያይ ጀመር። በጨለማ ተነሥቶ፣ በዝናብ ሰፈር ዞሮ፣ በተረፈ ደግሞ ሠርግ ላይ በክፉ ዓይን መታየት ማን ይወዳል! ሐጂ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ሦስተኛ አልደገሙም።

«እንግዲያው ያው አንተው ያዘው» አሉ። «ቅጣትህ ግን አይቀርልህም። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ የቅዳሜው ጥናት በጠዋት ይሆናል ብላለች ሰዓዲያ። እስከ ሰኔ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞርክ ልጆቹን ለጥናት ትቀሰቅሳለህ። በአፍህ! ይህን ነገር ለጥናት ብለህ ከግድግዳው ብታወርድ ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

ድንኳኑ የተተከለው በከንቱ እንዳይሆን ያመጡት ዳቦና ንፍሮ እዚያው ተበላ። አቶ ስብሓት ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻቸውን ሲስማቸው ዋሉ። ትብለጥ ከአባቷ ጎን መጥታ ቆመችና የጋቢውን ጫፍ ያዘች። ወደ ቤት ሲሄዱም አልለቀቀችውም።

በተከታዩ ቅዳሜ ገብረሃንስ ገና ዶሮ ሲጮህ ተነሣ። ቅጣቱን ከቤቱ ሊጀምር ወደ ትብለጥ መኝታ ጎራ አለ። አልጋው ተነጥፏል።

«ከወጣች ቆየች» አለች ፈለቀች ከብርድ ልብስ ውስጥ።

በሩን ዘግቶ ወጣና እየቀሰቀሰ ሰፈሩን ተያያዘው። ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርስ ዘበኛው ገና ቁልፍ አልከፈተም። ትብለጥ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ የክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው። ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ዕንባው መጣ። በጋቢው ጫፍ ጠረገው፤ ያልተቀሰቀሱ አርባ ቤቶች ይቀሩት ስለነበር ወደሚቀጥለው በር ሄዶ አንኳኳ።